የማይደመጥ ሸክላ

የዘፈን ሸክላ ዳግም ኅትመት የሚባለው ነገር የተፈጠረው ኪሱ ለሳሳ አድማጭ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከሃምሳ ዓመት በፊት በጥቂት ቅጂ ታትሞ፣ ገዢ አጥቶ መጋዘን ውስጥ የቀረ ሳይኬደሊክ ወይም ፎክ በሚባል የሙዚቃ ስልት የተሠራ አንድ ሸክላ ዛሬ የብዙ ወር የቤት ኪራይ የሚያወጣ ሲሆን፣ አንድ ደግ አሳታሚ ይነሣና ባለመብቱን አፈላልጎ፣ ዘፈኑ መጀመሪያ የተቀረጸበትን ዋናውን ክር ከአቧራ ውስጥ አውጥቶ፣ ክሩ ጠፍቶ እንደሆነም ንጹሕ ሸክላ ያለውን ሰው ለምኖ ከሸክላው ላይ ቀድቶ፣ እንደገና ያሳትመዋል። ዋጋውም ለአንድ ምሽት እራት ከሚወጣው ብዙ አይበልጥም። የጠፋው ተገኘ፣ የተወደደው ረከሰ፣ ያልሰማውም ሰማ ብለን እልል ልንል በተገባን ነበር፤ ሰብሳቢ የሚባል ፍጡር ባይኖር ኖሮ።

ሰብሳቢ ሁሉም ሰው ሊኖረው የሚችለውን ነገር ለመያዝ ገንዘቡን አያወጣም። አሳታሚውም ይህን ጠባዩን ጠንቅቆ ስላወቀ ያንኑ አንድ ሸክላ በጥቁር ለተራው ሕዝብ፣ በብርቱካናማ ለታማኝ ደንበኛ፣ በሐምራዊና በነጭ የተዥጎረጎረውን ደግሞ ለአምስት መቶ ዕድለኞች ብቻ እያለ ያትምለታል። ዘፈኑ ያው ነው፤ ዘፋኙም ስለ ቀለሙ የተጠየቀው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ የሚከበር የሸክላ መደብሮች ቀን የሚሉት በዓል አለ፤ በዚያን ዕለት ለኪዳን ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ከሌሊቱ ጀምሮ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይሰለፋል። ረፋድ ላይ ሸክላው ያልቃል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ሸክላ በእጥፍ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ለእጥረት መድኃኒት እንዲሆን የታተመው ራሱ እጥረት ይሆንና፣ ሰዎች «የመጀመሪያው ዳግም ኅትመት አለህ?» እየተባባሉ መጠያየቅ ይጀምራሉ። ክብደቱንም አንርሳ። 180 ግራም የሚመዝን ሸክላ ከቀላሉ ይልቅ ጥሩ ድምፅ የሚሰጥ ይመስላቸዋል፤ ድምፁን የሚወስነው ክሩና ቀረጻው፣ የማተሚያው ሥራም መሆኑን ብታስረዷቸው ሸክላውን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው በትዕግሥት ይመለከቷችኋል።

ሻጮቹ የሚጽፉትን መግለጫ ላነበበው ሰው ደግሞ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ይመስሉታል፤ ተጫጭሮ የጠፋውን «ጥቂት ምልክት ያረፈበት፣ ነገር ግን ጨዋ»፣ ሽፋኑ የተቀደደውን «ዕድሜውን የሚመስል» ይሉታል። ልጅቷን ሳያዩ «እሺ» ያሉ ስንት ናቸው!

በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ይህ ደዌ የጸናበት አንድ ወዳጅ አለኝ። በሌላው ሁሉ ደግ፣ እንግዳ አክባሪ ሰው ነው። እራት ይጋብዛል፣ ያጎርሳል፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ግን ዕረፍት አያገኝም፤ «አንድ ነገር ላሳይዎት» ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይወስድዎታል። ከበሩ ላይ ያስቆምዎትና «እጅዎን ታጥበዋል?» ይላል። በአገራችን ልማድ ከማዕድ በፊትም በኋላም የታጠበ ሰው በዚህ ጥያቄ መደንገጡ አይቀርም። እርሱ ግን የሚጠይቀው ለሦስተኛው መታጠብ ነው፤ በሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ፎጣ፣ ከዚያም ነጭ የጥጥ ጓንት። የዶሮ ወጥ ያጠቀሰ ጣት፣ እንደ እርሱ አስተያየት፣ ቢታጠብም የዶሮ ወጥ ጣት ነው።

ክፍሉ የእንግዳ መኝታ ተብሎ የተሠራ ነበር። አሁን ሙቀቱና እርጥበቱ በመሣሪያ የሚለካበት፣ መጋረጃው ቀን ሙሉ የተዘጋ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ብቻ የተደረደረበት ሆኗል። ሸክላ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይቀመጥም፤ ከተኛ ይጎብጣል። ስለዚህ ሸክላዎቹ እንዳይጎብጡ ሲባል ካገር ቤት የመጡት አማቱ ሳሎን ሶፋ ላይ ጎብጠው ይተኛሉ።

ወዳጄ አንዱን በሁለት መዳፉ ጫፍ ይዞ ያወጣውና በስልኩ መብራት መሃሉ አካባቢ፣ ዘፈኑ አልቆ ወረቀቱ ሳይጀምር ባለው ባዶ ስፍራ ላይ የተጫረውን ቁጥር ያነብልዎታል። ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ ሸክላው የታተመበትን አገር፣ ፋብሪካውን፣ የስንተኛው ዙር ኅትመት መሆኑንም ይነግርዎታል። ቀጥሎ ጃፓን የታተመውን ያመጣል፤ የጃፓኖቹ ሸክላ ሽፋን በጎኑ መቀነት የመሰለች ወረቀት ትታጠቃለች፤ መቀነቷ የጠፋችበት ሸክላ ዋጋው ስለሚያሽቆለቁል፣ ሰው ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ብሎ የሚከፍለውን ገንዘብ ባለቤቱ ባትሰማ ይሻላል። «ዘፈኑስ ስለ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን። «አልከፈትኩትማ» አለኝ፤ ፕላስቲኩ ከተቀደደ ዋጋው ይወርዳል። ለመክፈት ሌላ ቅጂ ገዝቶ ነበር፤ ያም በጣም ንጹሕ ሆኖ ስለመጣ መርፌ ሊያሳርፍበት አልጨከነም። ሦስተኛውን እየጠበቀ ነው። እስከዚያው ዘፈኑን የሚሰማው መኪና ውስጥ፣ በስልኩ፣ በነጻ፣ በየመሃሉ ማስታወቂያ እየገባበት ነው።

የዚህ ሁሉ ነገር አስቂኝነት የሚገባው ግን የባለዘፈኖቹን ታሪክ ሲያውቁት ነው። እንግሊዛዊቷ ቫሽቲ በንያን በፈረስ ጋሪ ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች ስትጓዝ በመንገድ ላይ የጻፈቻቸውን ዘፈኖች እ.ኤ.አ. በ1970 በአልበም አወጣች፤ ገዢ ጠፋ። እርሷም ሙዚቃውን ትታ ልጆቿን ስታሳድግ ኖረች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንተርኔት ከፍታ ስሟን ብትፈልግ፣ ያ ሰው ያልፈለገው ሸክላዋ በሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ እንደሚሸጥ አየች። ለሁለተኛ እጅ ከሚከፈለው ገንዘብ ለዘፋኝ የሚደርስ ሳንቲም የለም። ዳግም ኅትመቱ በ2000 ሲወጣ ነው ነገሩ ወደ እርሷ ፊቱን ያዞረው። በዚያው በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ሮድሪጌዝም በዲትሮይት ከተማ ቤት በማፍረስና በማደስ ሥራ ሲተዳደር፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አድናቂዎቹ ሞቷል ብለው ያዝኑለት ነበር። በ1998 በአካል ሄዶ መድረክ ላይ ቆመላቸው። አገሩ አሜሪካ አልበሙን እንደገና ያሳተመችለት ከዚያ አሥር ዓመት ቆይታ ነው።

የእኛውም ሰው ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑንና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎቹን ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀረጸ። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አገኘውና በ2013 ዳግም አሳተመው። በእነዚያ ዓመታት ኃይሉ በዋሽንግተኑ የዳለስ አየር ማረፊያ አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኪቦርዱንም ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ወዳጄ የ2013ቱን ኅትመት ፕላስቲኩ ሳይነካ ይዞታል። ከዚያ አየር ማረፊያ ስንት ጊዜ በታክሲ ወደ ቤቱ እንደገባ እርሱ ያውቃል፤ አሽከርካሪውን ቀና ብሎ ያየ ግን አይመስለኝም። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር፤ ስልኩ ላይ የነበረውም የሸክላ ጨረታ ነው።

እርግጥ ሸክላን ጥሎ በኋላ ማሳደድ የእርሱ ብቻ ጥፋት አይደለም። አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለመንግሥት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ የመጣው ይምጣ ብሎ የዘመኑን ወጣቶች እያስቀረጸ ሕንድ ድረስ ልኮ አሳተመ፤ እስከ 1975 ባለው ጊዜም ትናንሾቹን ሸክላዎች ብቻ ከመቶ በላይ አወጣ። ከዚያ አብዮቱና የሰዓት እላፊው መጣ፤ ካሴት ተተካ፤ እኛም ሸክላውን ለልጆች መጫወቻ ሰጥተን ወደ ቴፑ ዞርን። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እነዚያን ሥራዎች በተከታታይ ዳግም ማሳተም ሲጀምር፣ በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲገባ፣ ቤታችን የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ከባሕር ማዶ ሰማን። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1967 ጀርመን ውስጥ ያሳተሙት የፒያኖ ሸክላ ገቢው ለችግረኞች መርጃ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ያ የመጀመሪያ ኅትመት ዛሬ ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ የሚተላለፈው በምጽዋት መንፈስ አይደለም።

ባለፈው ፋሲካ ወዳጄ ቤት ተሰብስበን ሳለ አንድ ተአምር ሆነ፤ ከዳግም ኅትመቶቹ አንዱን፣ ያውም ጥቁሩን፣ ተራውን፣ በገዛ እጁ ከፍቶ አጫወተው። ስለ መርፌው ዋጋ ማብራሪያ እየሰጠን ሳለ ሶፋው ላይ የነበሩት አማቱ ትከሻቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ይኼማ የእኛ ቤት ዘፈን ነው» አሉ። «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ከፒያሳ ገዝቶት መጥቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስንጨፍርበት አደርን። መሬቱ ጣውላ ነበር፤ ከታች ያሉት ተከራዮች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እየደበደቡ።» ከዚያ ግጥሙን ከዘፋኙ ቀድመው ይሉት ገቡ፤ እኛም ማጨብጨብ ጀመርን።

ወዳጄ ድምፁን ቀነስ አደረገው።

«እማማ፣ ያኔ የገዛችሁት የመጀመሪያው ኅትመት ነው ማለት ነው። የት ደረሰ?»

«ምኑ?»

«ሸክላው።»

«እኔ እንጃ ልጄ። ቴፕ ስንገዛ ለጎረቤታችን ለወይዘሮዋ የሰጠናት መሰለኝ።»

«ከነሽፋኑ?»

«ሽፋኑን ምኑን አስታውሰዋለሁ! እርሷም ብትሆን ከሞተች ቆየች።»

«ነፍስ ይማር» አለ ወዳጄ፣ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ። «ልጆቻቸውስ? አዲስ አበባ ናቸው?»