ሪዞንም ዴቪንም አባረራችሁ፤ ቼኩን የሚፈርመውስ?

እሺ፣ ሁለቱም ተባረሩ። ጁላይ 6፣ 2025፣ የቦስተኑ ሬድ ሶክስ እዚሁ ሜዳችን ድረስ መጥቶ ሦስቱንም ጨዋታ ጠራርጎ በሄደበት እሁድ ነው ዜናው የወጣው፣ ጀነራል ማኔጀሩ (ተጫዋች የሚመርጠውና የሚገዛው) ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ ከዋሽንግተኑ ቤዝቦል ክለብ ከናሽናልስ ተሰናበቱ ተባለ። 37 አሸንፈን 53 ተሸንፈን ነበር፣ ስለዚህ መባረራቸው ብዙም አይገርምም። እኔን ያበሸቀኝ የባለቤቱ የማርክ ለርነር መግለጫ ነው። ውጤቱ እኛም ደጋፊውም የምንጠብቀው አይደለም፣ ክለቡ አዲስ አካሄድና አዲስ ጉልበት ያስፈልገዋል ይላል። አዲስ ጉልበት! ኧረ ጉልበትማ ሞልቶናል፣ ሜዳ ላይ ካሉት ልጆች ግማሾቹ ገና ጢማቸው በወጉ አልበቀለም። የጎደለን ከዘጠኙ ኢኒንግ፣ ማለትም ዙር፣ ከስድስተኛው በኋላ ኳስ የሚወረውር ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ በገንዘብ ነው የሚገኘው፣ ገንዘቡ ደግሞ ያለው መግለጫውን ያወጣው ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው።

ከዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ሀበሻ ቤዝቦል የምናይ ጥቂቶች ነን፣ ሌላው ሕዝብ ቅዳሜ ጠዋት አርሰናልና ማንቼ ላይ ነው። ግን ያለነው ጥቂቶች ከዚያ እሁድ ጀምሮ ለሁለት ተከፍለን እየተናቆርን ነው። አንዱ ወገን "እሰይ፣ ዴቪ ሄደ" ብሎ ይጨፍራል፣ ሌላው "ሻምፒዮን ያደረገን ሰው እንዲህ ይሸኛል እንዴ?" ብሎ ያለቅሳል። ሁለታችሁም ተሸውዳችኋል።

መጀመሪያ ለሚያለቅሱት። ዴቪ ጁን ላይ ምን እንዳለ ረሳችሁት? ማያሚ፣ ማያሚ እኮ ነው፣ እቤታችን መጥቶ እየቀጠቀጠን ሳለ ስለ አሰልጣኞቹ ሲጠየቅ ጥፋቱ በፍጹም የአሰልጣኞች አይደለም አለ። በፍጹም። አሰልጣኞቹ በየቀኑ ይለፋሉ፣ ጣት አንቀሳሰርም ካለ በኋላ እዚያው ትንፋሽ ሳይወስድ ኃላፊነቱን ተጫዋቾቹ ላይ ጣለው። ጣት መቀሰር ይሄ ካልሆነ ምንድነው ታዲያ? ጄምስ ዉድ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር፣ ብሬዲ ሃውስ 22፣ ዲላን ክሩዝ 23። እነዚህ ልጆች ቤዝ (ሯጩ የሚረግጠው ማረፊያ) ላይ ሲዝረከረኩ፣ ኳስ ወዴት እንደሚወረወር ሲጠፋቸው፣ የሚያስተምራቸው ማን ነው፣ ሆትዶግ ሻጩ? ሲሸነፉ በፍጹም የማይጠየቅ አሰልጣኝ በ2019 ስናሸንፍ ዋንጫውን ለምን ከፍ አድርጎ ያዘ? ያን ከተናገረ በኋላ ሽንፈቱ እስከ 11 ተከታታይ ጨዋታ ድረስ ሄደ፣ የገላገለን ደግሞ ያው ጥፋተኛ የተባለው ተጫዋች ነው፣ ዉድ ኮሎራዶን ስንገጥም በጭማሪ በ11ኛው ኢኒንግ ሆም ረን መትቶ፣ ኳሱን ከሜዳ አውጥቶ።

ደግሞ አንድ የሚያናድደኝ ክርክር አለ፣ "በ2019ም እኮ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር፣ ያኔም ዴቪ ይባረር ተብሎ ነበር፣ መጨረሻው ግን ዋንጫ ሆነ" የሚል። ሰው እንዴት ይሄን በአደባባይ ያወራል? ያኔ እኮ በተከታታይ ቀን የሚወረውሩት ማክስ ሸርዘር፣ ስቲቨን ስትራስበርግና ፓትሪክ ኮርቢን ናቸው። የሚመቱት አንቶኒ ሬንዶን፣ ትሬይ ተርነርና ገና 20 ዓመቱ የነበረው ሁዋን ሶቶ ናቸው። ያ ቲም ታሞ ነበር፣ ዳነ። የ2025ቱ ታሞ አልነበረም፣ አቅሙ ያው ነበር። ከማከንዚ ጎር ቀጥሎ ነገ ማን ይወረውራል ሲሉኝ እኔ ነገ ስራ አለኝ ብዬ ነበር የምተኛው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይሄ ቲም እንዴት እዚህ ደረሰ ለሚለው እኔ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለኝ፣ ለርነሮች ያሳደጉትን ልጅ ማቆየት አይፈልጉም። ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ዝርዝር ነው። ብራይስ ሃርፐር በ2010 ድራፍት፣ ክለቦች ተራ በተራ አዲስ ልጅ በሚመርጡበት፣ አንደኛ ተመርጦ እዚህ አደገ፣ በ2019 ለፊላደልፊያ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። እሺ፣ እሱ ሄዶ ዋንጫ በላን፣ ይሁን። ከዋንጫው በኋላ ግን፣ ሻምፓኙ ገና ሳይደርቅ፣ በዚያው ዲሴምበር ማርክ ለርነር ወጥቶ ከስትራስበርግና ከሬንዶን ማቆየት የምንችለው አንዱን ብቻ ነው አለ። የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በአሜሪካ ዋና ከተማ ያለ ክለብ ባለቤት ነው ይሄን የሚለው! በነገራችን ላይ ሁለቱም በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ነው የፈረሙት፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ኤንጅልስ ጋር።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ "ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው የወረወረው፣ ሬንዶንም ኤንጅልስ ሄዶ ከሜዳ ይልቅ ሐኪም ቤት ነው የዋለው" ልትሉኝ ነው። እውነት ነው። ኮርቢንም 140 ሚሊዮን በልቶ በ2022 ብቻ 19 ጨዋታ ተሸንፏል፣ ይሄንንም ጨምሩበት። ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት "ከእንግዲህ ማንንም አናስፈርምም" ነው እንዴ? የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ያስፈረመው ሁሉ ተሳክቶለታል? ሀብታም ክለብ ሲሳሳት ሌላ ይገዛል፣ የኛዎቹ ግን አንዴ ተሳሳቱና ቦርሳቸውን ዘግተው ቁልፉን አናኮስቲያ ወንዝ ውስጥ ወረወሩት።

ጁላይ 2021 ላይ ሸርዘርና ተርነር ባንድ ላይ ወደ ዶጀርስ ተሸኙ። ኦገስት 2022 ላይ ሶቶ ወደ ሳንዲያጎ። ለሶቶ 15 ዓመት 440 ሚሊዮን ቀርቦለት እምቢ አለ፣ ስለዚህ ምን ይደረግ ይላሉ የለርነር ጠበቆች፣ ዲሴምበር 2024 ላይ እኮ የኒውዮርኩ ሜትስ 765 ሚሊዮን ነው የሰጠው፣ ያንን ከየት እናመጣለን? ይሄ ክርክር ነው እንግዲህ ከሁሉም የከፋው! በ2022 ማንም 765 አልጠየቃችሁም። እምቢ ቢልስ፣ በክለቡ እጅ የሚቆይበት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገና ይቀረው ነበር እኮ፣ ሌላ ቁጥር ይዞ መመለስ አያስቸግርም። ግን በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ክለቡን ለመሸጥ እያሰብን ነው ብለው ነበር፣ ለገዢ ደግሞ ዕዳ የሌለበት መዝገብ ነው የሚያምረው፣ እኔ ለዚህ ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም። ሶቶን ሸጡት፣ 107 ጨዋታ ተሸነፍን፣ ከዚያ ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ማርክ ብቅ ብሎ ቲሙ አይሸጥም፣ ደስተኞች ነን አለ። እሱማ ደስ ይበለው! አባቱ ነፍሱን ይማረውና በ2006 በ450 ሚሊዮን የገዛው ክለብ በ2025 2 ቢሊዮን ገደማ ያወጣ ነበር፣ ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ጎል እንደተገባበት በረኛ የምንቀመጠው እኛ ነን እንጂ እሱ ምን አገባው።

እና የተሸኙት የት ናቸው? እዚሁ ናቸው! ያማል እኮ የሚለው ቦታ ይሄ ነው። ሃርፐር ፊላደልፊያ ነው። ተርነርም ፊላደልፊያ ነው፣ በ11 ዓመት 300 ሚሊዮን። ካይል ሽዋርበር በ2021 ለኛ እየተጫወተ ያን ሁሉ ሆም ረን መትቶ ሲያበቃ ተሸጠ፣ አሁን እሱም ፊላደልፊያ ነው። ሶቶ ሜትስ ነው። ሁለቱም ክለቦች ከኛ ጋር አንድ ዲቪዥን ውስጥ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በዓመት 13 ጊዜ ነው የምንገጥማቸው። ያሳደግነውን ልጅ ወደ ዌስት ኮስት ብትልኩት እኩለ ሌሊት ላይ ተኝቼ ያመልጠኛል፣ እናንተ ግን በባቡር ሁለት ሰዓት ሄዶ በየጊዜው ተመልሶ እንዲመታን አድርጋችሁ ነው የሸኛችሁት።

የ2025ን የመክፈቻ ጨዋታ አስታውሱ፣ ማርች 27። ሲዝኑ በሙሉ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ነው ያለቀው። ጎር ስድስት ኢኒንግ ወረወረ፣ 13 ሰው በስትራይክ አወጣ፣ የተመታበት አንድ ሂት ብቻ፣ በነጻ ቤዝ የሰጠው (ዎክ) አንድም የለም። እኔ ቆሜ ነበር የማየው፣ ይሄ ልጅ ዘንድሮ ጉድ ሊያሳየን ነው ብዬ። ከዚያ የቡልፔኑ፣ የተቀያሪ ወርዋሪዎቹ፣ በር ተከፈተ። ሰባተኛው ላይ ሃርፐር ሆም ረን፣ ሽዋርበር ሆም ረን። ሁለቱም የኛ የነበሩ፣ በኛ ሜዳ፣ በመክፈቻ ቀን። አስረኛው ላይ 7 ለ 3 ተሸንፈን ወጣን። እና አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡ፣ ምክንያቱም ግማሹ ስታዲየም የፊሊ (የፊላደልፊያ) ደጋፊ ነው። በ2012 ይሄው ክለብ ፓርካችንን እናስመልስ ብሎ ዘመቻ ጀምሮ ነበር፣ የፊላደልፊያ ሰው እንዳይገዛ ትኬቱን ቀድሞ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሰው ብቻ እየሸጠ። ያኔ ኩራት ነበረ ማለት ነው። አሁን ስታዲየሙ ያለበት ኔቪ ያርድ አካባቢ ፓርኪንግ የሚሠሩትን ልጆቻችንን ጠይቁ፣ ፊሊ ሲመጣ ነው ሎቱ የሚሞላው። ለርነር ይሄን ጠልቶት ይመስላችኋል? ትኬት ትኬት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2024 መጨረሻ የገዙልንን እዩ። ሜትስ ለሶቶ 765 ሚሊዮን በፈረመበት በዚያው ወር እኛ ጆሽ ቤልን በ6 ሚሊዮን፣ ማይክል ሶሮካን በ9 ሚሊዮን። ጆሽ ቤል ማለት ያው ከሶቶ ጋር ባንድ ቀን ወደ ሳንዲያጎ የሸኘነው ሰውዬ ነው፣ የሶቶን ነገር ልናስተካክል ብለው የተሳሳተውን ሰው መልሰው አመጡ። ናታንየል ሎውን ደግሞ ከቴክሳስ በትሬድ። በቃ፣ አለቀ። ለዓመታት ደግሞ ሰበቡ የቴሌቪዥን ገንዘብ ነበር፣ ማስን በተባለው የጋራ ቻናል ላይ ከባልቲሞሩ ኦሪዮልስ ጋር ያለው ክስ ካላለቀ እንዴት እናወጣለን ይሉ ነበር። ማርች 2025 ላይ አለቀ። ቀጥሎ ምን እንደሚፈልጉ አላውቅም፣ ምናልባት የፓርኪንግ ዋጋ ይሆናል።

ይሄ ምን እንደሚያስከትል ማየት የፈለገ የጁን 29፣ 2025ን ጨዋታ ይመልከት፣ ከኤንጅልስ ጋር። ዉድን፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲን ልጅ፣ ሮክቪል የተወለደውን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ሁሉ የሰፈራችን ልጅ ነው የምንለውን፣ ኳስ ሳያስመቱት አራት ጊዜ ሆን ብለው አንደኛ ቤዝ በነጻ ሰጡት። አራት ጊዜ በአንድ ጨዋታ! ከባሪ ቦንድስ ወዲህ፣ ማለትም ከ2004 ወዲህ እንዲህ የተደረገበት ሰው የለም። ቴሌቪዥኑ ይሄን እንደ ክብር ሲያወራ ነበር። ምን ክብር ነው፣ ስድብ ነው እንጂ! ስድቡም ለዉድ አይደለም፣ "ከኋላህ የሚመታ ሰው የለም፣ አንተን አሳልፈን የሚቀጥለውን እንገጥማለን" ማለት ነው፣ እሱም ማርክ ለርነር ቤት ነው የሚደርሰው። ያን ቀን 7 ለ 4 ማሸነፋችን ደስ ይላል፣ ግን ዉድ ዱላውን ጥሎ ወደ አንደኛ ቤዝ በእግሩ እየተራመደ ሲሄድ ፊቱን አይታችሁታል?

ሪዞን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ድራፍቱ ላይ ደካማ ነበር፣ ልጅ ማሳደግ ላይ ሌሎቹ ጥለውት ሄደዋል፣ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ሶቶን ሽጥ ሲባል ዉድን፣ ጎርንና ሲጄ ኤብራምስን ያመጣው እሱ ነው፣ ያኔ ቲም የሚባል ነገር ከነበረን በሱ ነው። እሱን ያባረሩት ደግሞ መቼ ነው? ከድራፍቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ያውም ከ30 ክለብ አንደኛ የመምረጥ ዕድል በያዝንበት ዓመት! ማባረር ካለባችሁ ኦክቶበር ላይ አታባርሩም ነበር? ያኔ ተጠባባቂ የሆነው ማይክ ዴባርቶሎ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ወረቀት ይዞ ነው የገባው።

በድራፍቱ የሚመረጠው ማንም ይሁን ማን፣ ልጁ ይመጣል፣ ኮፍያ ያደርጉለታል፣ ከማርክ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ ታችኛው ሊግ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል፣ እኛም ማሊያውን ለልጆቻችን እንገዛለን። ዋናው ሊግ ውስጥ ስድስት ዓመቱን ጨርሶ የፈለገበት የመሄድ መብት ሲያገኝ ወይም ሊያገኝ ሲል ኤጀንቱ ስልክ ይደውላል፣ ማርክም ማቆየት የምንችለው አንድ ሰው ብቻ ነው ይላል፣ ምናልባትም ማንንም አንችልም ይላል። ስለዚህ እባካችሁ ልጁ መድረኩ ላይ ሲወጣ የፊላደልፊያን ማሊያም አብራችሁ ለኩት፣ በኋላ ልኩ አይሆነውም ተብሎ ለሜትስ እንዳትሰጡብን።