ለውሻ ዓይን ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

ዛሬ ላመሰግናቸው የተነሳሁት ሰዎች ውሻ ባለበት ሁሉ አይጠፉም። ማንም ሳይጠይቃቸው ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉና "ውሻ እኮ ዓለምን የሚያየው በጥቁርና ነጭ ነው" ይላሉ። አለቀ። ማስረጃ አይጠቅሱም። ማስረጃ የሚጠቅስ ሰውማ ምኑን ሊቅ ሆነው?

ከሁሉ የሚገርመኝ እርግጠኝነታቸው ነው። እነዚሁ ሰዎች መጋረጃው ሰማያዊ ነው አረንጓዴ ነው በሚል ከሚስታቸው ጋር ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። አብረዋቸው በሚኖሩት ሰው ዓይን መስማማት አልቻሉም። በውሻ ዓይን ላይ ግን ቅንጣት ጥርጣሬ የለባቸውም።

ተመራማሪዎች ይህን ጸጋ አላገኙም። ምስኪኖቹ ውሻውን ራሱን ለመጠየቅ ተገደዱ። ኔይትዝ፣ ጋይስትና ጃኮብስ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት ሦስት ውሾችን ፈትነዋል። ውሻው ፊት ሦስት የሚበሩ ሰሌዳዎች ይቀርባሉ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ በቀለም ይለያል። የተለየውን ያገኘ ውሻ ይሸለማል። ውሻው በቀለም ሳይሆን በድምቀት እየለየ እንዳያጭበረብር የብርሃኑን መጠንም ይቀያይሩበታል። ይህንን ደግመው ደጋግመው ሠሩት። አንድ አረፍተ ነገር ወርወር አድርጎ መሄድ ሲቻል ይህ ሁሉ ልፋት!

ውጤቱም እንደ ልፋታቸው ደረቅ ነው። ውሻ ቀለም ያያል፣ የሚያየው ግን ከእኛ ያነሰ ነው። የሰው ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ኮን የሚባሉ ህዋሳት አሉት። የውሻ ሁለት ናቸው። አንደኛው ይበልጥ የሚነቃው 429 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ላለ ብርሃን ነው፣ ሌላኛው 555 አካባቢ ላለው። ስለዚህ ሰማያዊና ቢጫን አይስታቸውም። የሚምታቱበት ቀይና አረንጓዴ ናቸው። ቀይ ጠቆር ያለ ቡናማ ነገር ይሆንበታል፣ አረንጓዴም ወደ ቢጫ ያደላል። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎችም የሚያዩት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እነሱን ግን "በጥቁርና ነጭ ነው የምታዩት" የሚላቸው የለም፣ መልስ ስለሚሰጡ ይሆናል።

ፍትሕ እንዳይጓደል አንድ ነገር ልመስክር። 480 ናኖሜትር አካባቢ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በሚገናኙበት፣ ውሻ ቀለም የማያይበት አንድ ጠባብ ቦታ አለ። እዚያች ላይ ብርሃኑ ለውሻው ነጭ ወይም ግራጫ ነው። ሊቃውንቶቻችን ከቀስተ ደመናው ሁሉ ይህቺን ቀጭን መስመር ብቻ ወስደው ዓለምን በሙሉ ቀቡባት። እንዲህ ቀለም የሚቆጥብ ቀቢ የት ይገኛል?

ሩሲያውያን ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የበለጠ የሚያበሳጭ ነገር ይዘው መጡ። ውሾቹን መጀመሪያ፣ ለምሳሌ፣ ጠቆር ያለ ቢጫ ወረቀትን ነጣ ካለ ሰማያዊ ለይተው እንዲመርጡ አሰለጠኗቸው። ቀጥሎ ነገሩን ገለበጡባቸው፤ ነጣ ያለ ቢጫና ጠቆር ያለ ሰማያዊ አቀረቡላቸው። ውሻው የሚያስታውሰው ጥቁርና ነጩን ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ ጠቆረው ይሄድ ነበር። ውሾቹ በአብዛኛው የሄዱት ወደ ቢጫው ነው። ቀለሙን ነበር የያዙት ማለት ነው።

ተረቱ "ውሾቹ ይጮሃሉ፣ ግመሉም ይሄዳል" ይላል። ውሾቹ በቤተ ሙከራ ቆመው መሰከሩ፣ ግመሉ ወሬያችን ግን ዞር ብሎም አላያቸው። ታማኝነትን ከውሻ ተማሩ ሲባል እሰማለሁ። ምን በወጣቸው! ውሻ እንኳ የሚመግበውን ነው የሚከተለው። ሊቃውንቱ ግን አንድም ቀን ማስረጃ ላላጎረሳቸው ወሬ ዕድሜ ልካቸውን ታምነው ይኖራሉ።

ሊቅነታቸው በደንብ የሚታየው ግን ዕቃ ሲገዙ ነው። "ምንም ቀለም አያይም" ያሉት ሰውዬ ለውሻቸው ኳስ ሲመርጡ ደማቅ ቀዩን ያነሳሉ። "እሱን ይወደዋል!" ከዚያ አረንጓዴ ሣር ላይ ይወረውሩታል። ቀይ ኳስ በአረንጓዴ ሣር ለእሳቸው ከሩቅ ይጣራል። ውሻው ኳሱ ሲንቀሳቀስ ይከተለዋል፣ ቆሞ ሲቀር ግን ከሣሩ ጋር ይደባለቅበታል። አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ መዞር ይጀምራል። ጌታውም ከሩቅ ሆነው ይፈርዳሉ፤ "ይሄ ውሻ ትንሽ ደነዝ ነው።" ሰማያዊ ወይም ቢጫ ኳስ ቢገዙ ነገሩ ይቀል ነበር። ግን ለኳሱ የሚከፍለው ዓይን ያለው ሰው ላይ ነው፣ ፋብሪካውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ልብሱንማ ተዉት። ሴቷ ውሻ ሮዝ ሹራብ ለብሳ ከሮዝ ማሰሪያ ጋር ትወጣለች። "ሮዝ ነፍሷ ነው" ይባላል። እሷ የምታየው ምናልባት ፈዛዛ ግራጫ መሳይ ነገር ነው። ቅሬታ ግን አላቀረበችም፣ ስለዚህ ተስማምታለች።

ደግሞ ማዘናቸው! "ምስኪን፣ የዓለምን ውበት ሳያይ" ይላሉ፣ አመሻሽ ላይ ደብዛዛ መንገድ ላይ ቆመው፣ ስልካቸውን አውጥተው መብራቱን እየፈለጉ። ውሻው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ዓይኑ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩ ሮድ የሚባሉ ህዋሳት ሞልተውታል። ከሬቲናው ጀርባም ብርሃኑን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው፣ በፎቶ ላይ ዓይኑ የሚያበራው በእሱ ነው። ምስኪኑ ቁጥቋጦ ውስጥ የተንቀሳቀሰውን አይቷል። አዛኙ ግን ገና የድንጋዩን ቦታ በእግራቸው ጣት እያጣሩ ነው።

እነዚህን ሰዎች በአንድ የሙያ ዘርፍ ብቻ መወሰን ግፍ ስለሚሆን የበሬ ዓይን ላይ ያላቸውን ዕውቀትም ልጥቀስ። በሬም እንደ ውሻ ሁለት ዓይነት ኮን ብቻ ነው ያለው፣ ለቀይ የተለየ ቂም የለውም። የስፔን የበሬ ተፋላሚዎች በሬውን የሚያስቆጡት በቀይ ጨርቃቸው መውለብለብ ነው። ሊቃውንቱ ግን በአንድ ቁጭታ፣ በአንድ አፍ፣ ውሻ ምንም ቀለም እንደማያይና በሬ ቀይ ሲያይ ደሙ እንደሚፈላ ያስረዳሉ። ለበሬው ቀይን ሰጥተው ለውሻው ሰማያዊን የከለከሉበትን ምክንያት እስካሁን ይፋ አላደረጉም።