የሐኪሙ ቼዝና ያልጻፍናቸው ጨዋታዎች

ቼዝ ወዳድ በመካከላችን አይጠፋም። ከሥራ መልስ በስልኩ ላይ የሦስት ደቂቃ ጨዋታ እያከታተለ ሌሊቱ የሚጋመስበት ወጣት አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኛው ጋር ሰሌዳ ዘርግቶ ቡናው ቀዝቅዞ እስኪረሳ ድረስ የሚያስብ ጎልማሳም አለ። እጅግ የሚያንሰን ከጨዋታው ሲነሣ ምን አስቦ እንደነበረ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። በእኔ እምነት የቼዝ ግማሽ ደስታ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ይህንንም የምለው ቼዝ መተዳደሪያቸው ላልሆነ፣ ለፍቅሩ ብቻ ለሚጫወቱት ነው።

ለዚህ ከዶክተር ዚግበርት ታራሽ የተሻለ ምስክር አላውቅም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1862 ብሬስላው የተወለደው ታራሽ በኑረምበርግ ከተማ በሽተኞችን እያከመ የኖረ ሐኪም ሲሆን፣ ከ1889 እስከ 1894 ባሉት ዓመታት በብሬስላው፣ በማንቸስተር፣ በድሬስደንና በላይፕሲሽ የተካሄዱትን ትልልቅ ውድድሮች አሸንፏል። በ1890 ከዓለም ሻምፒዮኑ ከዊልሄልም ሽታይኒትዝ ጋር ሃቫና ላይ እንዲጋጠም ሲጋበዝ ግን የሕክምና ሥራዬን ጥዬ አልሄድም ብሎ ቀረ። በ1908 ከኢማኑኤል ላስከር ጋር ለሻምፒዮንነት ሲሰለፍ 46 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ 3 ጨዋታ አሸንፎ በ8 ተሸነፈ። ሻምፒዮን ሳይሆን የቀረውን ይህን ሐኪም ዛሬም ድረስ የምናነሣው ስለ ጻፈ ነው። በ1895 ከራሱ ጨዋታዎች 300 መርጦ፣ እያንዳንዱን አብራርቶ በመጽሐፍ አወጣ፤ የአንድ ትውልድ የጀርመን ተጫዋቾችም መማሪያ ሆነ።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ አንዱን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በ1914 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ 52 ዓመት የሞላው ታራሽ በጥቁር ጠጠሮች ከወጣቱ ከአሮን ኒምዞቪች ጋር ተቀመጠ። በ19ኛው እርምጃ አንዱን ጳጳስ ኤች2 በሚባለው የሰሌዳ ቤት ያለውን ወታደር እንዲበላ ልኮ ሰዋው፤ ነጩ ንጉሥም ጳጳሱን በላው። ንግሥቲቱ ቼክ ብላ ከመጣች በኋላ ሁለተኛውን ጳጳስ ጂ2 ላይ አቀረበለት። ኒምዞቪች ይህኛውን አልነካውም፤ ቢበላው ንግሥቲቱና ግንቡ ተባብረው ይጨርሱት ነበር። ያልተበላው ጳጳስ ግንብ በልቶ በሕይወት ቆየ፣ ነጩ ንጉሥ ከቤቱ ተነቅሎ ሰሌዳውን እያቋረጠ እስከ ዲ7 ድረስ ተሰደደ፣ በ32ኛው እርምጃም ቼክሜት ያለው ያው ጳጳስ ሆነ። ዳኞቹ ግን የውበት ሁለተኛውን ሽልማት እንጂ አንደኛውን አልሰጡትም፤ ሁለቱን ጳጳሳት የመሠዋቱን ሐሳብ ላስከር በ1889 አምስተርዳም ላይ ቀድሞት ነበርና። የዚያን ውድድር መጽሐፍ የጻፈውም ራሱ ታራሽ ነው።

ተሸናፊው ኒምዞቪችም ዝም ብሎ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም፤ ከዚህ ጨዋታ በፊትም በኋላም የታራሽን አስተምህሮ በጽሑፍ ሲሞግት ኖሯል። ሙግቱ ተገቢ ነበር፤ ታራሽ በሚጽፍበት ጊዜ ግትር ነበር፣ ሕግ እንደሚደነግግ ዳኛ ይናገር ነበር፣ አንዳንዱ ድንጋጌውም ጊዜ አልባረከለትም። ሌሎች እንደ ድካም የሚቆጥሩትን፣ መሐል ሰሌዳ ላይ ብቻውን የሚቀር ወታደር፣ እሱ ግን የጉልበት ምንጭ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በስሙ የሚጠራውን መከላከያም በዚህ እምነት ላይ መሠረተው። ብዙዎች ቢያጣጥሉትም ቦሪስ ስፓስኪ በ1969 ከቲግራን ፔትሮሲያን ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጋጠም ተጠቅሞበታል። ተሳስቶም ሆነ ልክ ሆኖ፣ ሐሳቡን በቃላት አስፍሮ ስለተወ ነው ሌላው ሊሞግተው የቻለው።

«ዛሬ ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም እያለ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ኮምፒውተሩ የቱ እርምጃ ስሕተት እንደሆነ በቁጥር ይነግራል፤ ያን እርምጃ ለምን እንደመረጥን ግን አያውቅም። «በ14ኛው ላይ ግንቡን ወደ መሐል ያመጣሁት ፈረሱ እንዳይገባብኝ ፈርቼ ነው፤ ፈረሱ ግን መግቢያ አልነበረውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሊጽፍ የሚችለው ተጫዋቹ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያው ምሽት፣ ፕሮግራሙን ከመክፈቱ በፊት።

የራሳችን ታሪክ ደግሞ ሳይጻፍ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ ያሳየናል። ሰንጠረዥ የተባለው የኢትዮጵያ ቼዝ በመኳንንቱ ዘንድ ለዘመናት የተከበረ ጨዋታ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራዩ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሲጫወቱት ተመልክቷል። ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን በፍጥነት የሚያሰልፉበት፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ የሚቆየው የወረራ ምዕራፍ በሌላው ዓለም ቼዝ ውስጥ አይገኝም። በግንብ ወይም በፈረስ ማሸነፍ እንደ ተራ ነገር ሲታይ፣ በወታደር ማሸነፍ ያስመሰግን እንደነበርም ተዘግቧል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ጨዋታው ሲጽፍ ብዙውን የለቀመው ከውጭ አገር መንገደኞች ማስታወሻ ነው። ከመንገደኞቹ ያገኘነው ሕጉንና ሥርዓቱን ነው፤ አንድ ራስ ወይም አንድ ደጃዝማች ፊሉን (በቼዝ የጳጳሱን ቦታ የያዘውን ጠጠር) ወደፊት ሲሰድ ምን እንዳሰበ ግን የነገረን የለም።

ስለዚህ የቼዝ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ አንድ ነገር ቢሞክሩ እላለሁ፦ አገር አቀፍ ውድድር ባለቀ ቁጥር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ጨዋታ በአማርኛ አብራርተው ያስረክቡ፤ ከሁለቱም አንዱ የተሸነፉበት ይሁን፣ የድል ማብራሪያ ብዙውን ጊዜ ራስን ማሞገስ ይሆናልና። በረዥም ሰዓት ውድድር እርምጃን መመዝገብ እንደሆነ ቀድሞውኑ ግዴታ ነው፤ ሉሁ በየጨዋታው መጨረሻ ተፈርሞ ለዳኛ ይሰጣል፣ ቅጂውም ከተጫዋቹ ጋር ይቀራል። የሚጎድለው ከቅጂው ጎን የሚጻፈው ሐሳብ ነው።