ግድቡ የፌዴራል፣ ቧንቧው የከተማው፣ ጥሙ የእኛ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ እማማ ማመልከቻ ጻፍልኝ ብለው ጠሩኝ። እዚህ ጎንደር ሰፈራችን ውኃ ካየ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። በረንዳቸው ላይ ስድስት ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፤ አምስቱ ባዶ ናቸው። ስድስተኛው ውስጥ የቀረችውን ለቡና ብቻ እየቆጠቧት ነው። ጽፌላቸው አብሬያቸው ሄድኩ። መጀመሪያ የገባንበት ቢሮ ያለው ልጅ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸው። «እናቴ፣ እኛ ጋ ያለው ቧንቧው ነው፤ ውኃው ነው የጠፋው። በጀቱን ደግሞ ክልሉ ነው የሚያውቀው» አላቸው። ሁለተኛው ቢሮ «ትልቁ ግድብ እኮ የፌዴራል ነው፣ እኛ ምን እናድርግ?» አለን። ስንወጣ እማማ «ታዲያ ይኼ ፌዴራል የሚሉት ቤቱ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የሚያናድደው፣ ሁለቱም አልዋሹም።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀም የፌዴራሉ ሥልጣን ነው ይላል። የመገጭ ወንዝ ጣና ይገባል፣ ከጣና ዓባይ ይወጣል፣ ዓባይ ሱዳን ይሻገራል። ስለዚህ ያ ትልቁ ግድብ፣ ለጎንደር ውኃ ይሰጣል የተባለው የመገጭ ግድብ፣ በፌዴራል እጅ መሆኑ በሕግ ያስኬዳል። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ነው ይላል፤ ሰፈር ለሰፈር የሚዘረጋው ቧንቧ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። አንዷ ብርጭቆ ውኃ ሁለት ባለቤት አላት ማለት ነው። በዚህ መሐል ከተማው የሚጠጣበት የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማው በላዩ ላይ እየሰፋ ሄደ፣ መገጭን ደግሞ ግንባታው ተጀመረ ከተባለ ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ ስንጠብቀው ኖርን።

እኔ ፌዴራሊዝም ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የጎንደርን ሰፈር ችግር አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ማየት አይቻልም። ግን ሥልጣን በወረቀት ሰጥቶ የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ መያዝ ምን የሚሉት ማካፈል ነው? ግቢያችን ውስጥ ሁለት ተከራዮች አሉ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ አንዷ አንደኛ ደረጃ። አንድ በር ይገባሉ፣ አንድ ቧንቧ ይጠብቃሉ። የእሱ የደመወዝ ግብር ለፌዴራል ነው፣ የእሷ ለክልል። የጉምሩክ ቀረጡም የፌዴራል ነው። በአጠቃላይ ዋናው ገቢ እዚያ ይሰበሰብና ክልሎች በጀታቸውን በድጎማ ይሞላሉ፤ የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ድጎማው ክልሉ ደርሶ፣ ከክልሉ ለዞንና ለከተማ ተከፋፍሎ፣ እማማ በር ላይ ሲደርስ ምን ይተርፋል?

ስለ ሥልጣን ሲወራ ሁሌ ሁለት ጎራ ነው የምሰማው። «ማዕከሉ ይጠንክር» እና «ክልሉ ይጠንክር»። ጎንደር ሁለቱንም ቀምሳለች። በዘመነ መሳፍንት ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ከተማ ዘውድ ጭኖ ተቀምጦ፣ እውነተኛው ሥልጣን ግን ንጉሥ ሲያወርዱና ሲያነግሡ በነበሩ መሳፍንት እጅ ነበር። ሰማንያ ምናምን ዓመት አገሩ እንዲህ ሲታመስ ኖረ። ከዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከቋራ ተነሥተው አገር ሰበሰቡ። እንደማንኛውም የጎንደር ልጅ በስማቸው እኮራለሁ። ያው የጠነከረ ማዕከል ግን በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠለ። ይኼንን መናገር ይከብደኛል፤ ግን ሆኗል። በሁለቱም ዘመን ሕዝቡ ሄዶ «ለምን?» የሚልበት በር አልነበረውም።

አሁንስ አለው? በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን፣ በሕጉ በኩል መከራከሪያ ነበረው፤ ሕገ መንግሥቱ ለክልል የሰጠው ፖሊስ ነው፣ ልዩ ኃይል የሚል ቃል የለበትም። እሺ። ግን እዚህ ያለ ሰው የሰማው ካለቀ በኋላ በዜና ነው። ልጁ፣ ወንድሙ፣ ጎረቤቱ እዚያ ውስጥ ያለ ሰው፣ ማን እንዳማከረ፣ ነገ ማን እንደሚጠብቀው የነገረው የለም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ያኔ ያሳለፍነውን እኛ እናውቀዋለን።

ወደ ውኃው ልመለስ፣ እዚያ ላይ መፍትሔው ቅርብ ነውና። አንቀጽ 50 ፌዴራሉ ሥልጣኑን ለክልል በውክልና መስጠት ይችላል ይላል። አንቀጽ 94 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የውክልናውን ወጪ የሚሸፍነው ወካዩ ነው ይላል። ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የት ይገኛል? የመገጭን የመጠጥ ውኃ ክፍል ፌዴራሉ ከነገንዘቡ ለክልሉ በውክልና ይስጥ። ወይም ሙሉ በሙሉ ይዞ፣ ቀኑን ቆርጦ፣ እስከ ሰፈራችን ድረስ ያምጣ። የትኛውም ይሁን፣ አንዱ «የኔ ነው» ይበል።

አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት በጎንደር ድምፅ ተወካዮች ምክር ቤት የገቡትና የክልሉን ምክር ቤት ወንበር የያዙት እዚሁ መጥተው፣ አንድ አዳራሽ ተቀምጠው፣ የትኛው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይንገሩን። እማማን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ማመልከቻው እስካሁን በነጠላቸው ጫፍ እንደተቋጠረ ነው።