ግልጽ ደብዳቤ ለባለ 700 ፈረሱ ጌታዬ

ለተከበሩ ባለ 700 ፈረስ ጉልበት፣

እንደምን ሰነበቱ? ፈረሶችዎስ ደህና ናቸው?

ነዳጅ ሰልፍ ላይ የተገናኘነው ሰውዬ ነኝ። ያችን ባለሁለት መቀመጫ ትንሽ ስፖርት መኪና፣ የመጀመሪያውን ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የያዝኩት። ከመኪናዎ ወርደው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «ስንት ፈረስ ናት?» አሉኝ። «115» አልኩ፣ በለሆሳስ። እርስዎ ግን ሰልፈኛው በሙሉ እንዲሰማ «መቶ አስራ አምስት!» ብለው ጮኹ። ኮፈኑን በጣትዎ ቆርቆር አድርገው «የልብስ ስፌት ሞተር ነው እንዴ የገጠሙላት?» ሲሉ ነዳጅ ቀጂው ሳይቀር ሳቀ። ከኋላዬ ያለው ሰው ደግሞ «አይዞህ» አለኝ። የባሰብኝ እሱ ነው።

ከዚያ እርስዎም እኔም በአንደኛ ማርሽ እኩል ተሳብን።

ጌታዬ፣ ሜዳ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ መኪና የሚፈልገው ከ20 ፈረስ ብዙም አይበልጥም። የቀሩት ምን እየሠሩ ነው? ሣር እየጋጡ? ሣሩ ደግሞ ቤንዚን ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመሰንጠቅ ስምንት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። የ2005ቱ ቡጋቲ ቬይሮን 1001 ፈረስ የተጫነው በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሮጥ ነው። እርስዎስ የት ሊደርሱ ነው? እስከሚቀጥለው ቀይ መብራት።

የእኔዋ አንድ ቶን አትሞላም። ሞተሯ በደቂቃ ወደ 7000 ዙር ደርሶ እስክትጮህ እረግጣታለሁ፤ ያላትን ሁሉ ትሰጠኛለች፣ መንጃ ፈቃዴም ኪሴ ውስጥ ይቆያል። ለእኔ በቂ ማለት ይኼ ነው። እርስዎ ሙሉውን ረግጠው ያውቃሉ? አውቃለሁ፣ አንዴ አይቻለሁ።

ቀድተው ሲወጡ ላጨበጨበልዎ ሕዝብ ምርቃት ሊሰጡ ረገጡት። የመኪናዋ ቂጥ ወደ ጎን ሸሸ። ልጇን በእጇ የያዘች ሴት ዘላ እግረኛ መንገዱ ላይ ወጣች። የልጁ አንድ እግር ጫማ አስፋልቱ ላይ ቀረ። አንተ ሰውዬ፣ አራቱም ጎማህ መሬት የሚይዘው በየመዳፍ ስፋት ነው! በዚያ ላይ 700 ፈረስ ስትለቅበት ምን ይሆናል ብለህ ነው? እግርህን መግዛት ካቃተህ ፈረስ ግዛ ያለህ ማን ነው? ዞረህ እንኳ አላየሃትም።

ወደ አክብሮቱ ልመለስ። እኩለ ሌሊት ላይ የሚያሞቁትን ሞተር እንዳልሰማ አልፌዋለሁ። የኢንሹራንስ ፎርሙ ላይ ያለችው «የሞተር ጉልበት» የምትል መስመርም በየዓመቱ ትበቀልልኛለች።

አሁንም ገንዘብ ካለዎት ፈረስ አይጨምሩ። ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ይግዙ። ከተረፈዎት ሹፌር ይቅጠሩ።