የሸዋ ሰዎች፣ ስትጠየቁ መልሱ!

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ ከአንኮበር እስከ መርሐቤቴ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ።

የአእምሮ ጭንቀታችንን የመደበቅ ጥፋት ድሮም ነበረብን፤ ኮሮና አባሰው። ሰው "እንዴት ነህ?" ሲለን "እግዚአብሔር ይመስገን" እንላለን። ማመስገኑ ደግ ነው። ግን ሐኪም ሲጠይቀንም ያችኑ እንደግማለን። ቅጽ ይዞ የመጣ ባለሙያ ሲጠይቀንም ያችው ናት። ሌሊቱን ጣሪያ ላይ አፍጥጠን አድረን "ደኅና ነኝ"። ልጃችን ከክፍሉ ከወጣ ወር ሊሞላው "ደኅና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ነው"። ኧረ ተዉ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለን የምንተርተው እኛው ነን።

እስቲ አሜሪካኖቹን እዩ። ኮሮና እንደገባ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ የሕዝብ ቆጠራ ቢሯቸው ሰዉን በኢንተርኔት መጠየቅ ጀመረ። ጭንቀት አላስቀምጥ ብሎሃል? ነገር ሁሉ አስጠልቶሃል? ቆየት ብሎ ሌላ ጥያቄ ተጨመረ፦ የምክር ሕክምና ፈልገህ ሳታገኝ ቀርተሃል? በኦገስት 2020 የጭንቀት ወይም የድባቴ (ዲፕሬሽን) ምልክት የነበረበት አዋቂ ከመቶ 36.4 ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ቁጥሩ 41.5 ደረሰ። ምክር አስፈልጎት ያላገኘው ደግሞ ከ9.2 ወደ 11.7 ከመቶ ወጣ። ጭማሪው የበረታው ከ18 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶችና ብዙ ባልተማሩት ላይ ነው።

መጠይቁ ከተላከላቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙ ያህል አልመለሱም። (ዝምታው የኛ ብቻ አለመሆኑ ትንሽ ያጽናናል።) የመለሱት ግን ቁጥር ሆኑ። "ይሄን ያህል ሰው ሕክምና አጥቶ ቀርቷል" ብሎ መንግሥትን ለመሞገት የሚይዙት ይህን ቁጥር ነው።

በኛም ክልል የጠየቀ አልጠፋም። ግንቦት 2012 የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው ሰነድ አንድ ጥናት ጠቅሷል። በአማራ ክልል ከመቶው 33ቱ የድባቴ ምልክት ታይቶባቸዋል ይላል። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በአገሪቱ ይገመት ከነበረው ሦስት እጥፍ ነው። ያኔ ኮሮና አገራችን ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነበር። አጣዬ አልተቃጠለችም። ጦርነቱ ደብረ ሲና አልደረሰም። ቤት ንብረቱን ጥሎ የመጣው ሰው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ አልገባም። ከዚያ ወዲህ የሆነውን እናንተው ታውቃላችሁ። ዛሬ ቢቆጠር ስንት ይሆን? እናንተ አፋችሁን ካልከፈታችሁ ማን ይወቅ?

ሕክምናው በኮሮና ጊዜ መስተጓጎሉን አልክድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 130 አገሮችን ጠይቆ፣ 93 ከመቶዎቹ የአእምሮ ሕክምናቸው ቆሟል ወይም ተስተጓጉሏል ብለዋል። ለዚያ እናንተን አልወቅስም። ሰው ሆስፒታል ደጃፍ መድረስ ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላስ ማን ሄደ?

አንድ ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጋቢ የደረቡ አባት ገቡ። የምርመራ ክፍሉ በር ክፍት ነው። "ጨጓራዬ ነው ልጄ" አሉ። ነርሷ ካርዳቸውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች።

"አባ፣ ለጨጓራ ሲመጡ ይኼ ስንተኛዎ ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል?"

ሽማግሌው ዞር ብለው አግዳሚው ላይ የተቀመጥነውን አዩን። አጠገቤ የተቀመጠው የሰፈራቸው ሰው ነው፤ ቅድም ሰላም ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

"ኧረ እንቅልፍስ እንደ ሕፃን ነው የምተኛው" አሉ። ዓይናቸው ደም መስሏል። የጨጓራ መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞል፣ ተጻፈላቸውና ወጡ።

በሩን ያልዘጋችው ነርስ ጥፋት አለባት፣ አልሸፍንላትም። ግን እዩት እስቲ። ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ ወገብ፣ "ሰውነቴን ያቃጥለኛል"። ጭንቀታችን ሁሉ ካርድ ላይ የሚጻፈው በነዚህ ስም ነው። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚጠይቀው ደግሞ መዝገቡ ላይ ባለው ሕመምተኛ ልክ ነው። መዝገቡ ሁሉ ጨጓራ ከሆነ የሚመጣውም የጨጓራ መድኃኒት ነው። ከዚያ "ወረዳችን ረስቶናል" እያልን እናማርራለን። ወረዳው በምን ይወቀን?

ሽማግሌው የፈሩት ማንን ነው? እናንተን! ቡና ላይ "እከሌ ጨርቁን ሊጥል ነው" የምትሉትን። ልጅ ሲያጠፋ "አንተን አማኑኤል ነው ማስገባት" የምትሉትን። ጋብቻ ሲታሰብ "ዘራቸው ውስጥ እብድ አለ" ብላችሁ የምታፈርሱትን። ይህን ስታወሩ ስኒ የምታጥበው ጎረቤታችሁ ትሰማለች። ልጇ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ልትነግራችሁ አስባም ይሆናል። ካሁን በኋላ ብትሞት አትነግራችሁም።

"ጠበላችንን አትንካብን" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ማን ነካ? ሸንኮራ ዮሐንስም ሂዱ፣ ጻድቃኔ ማርያምም ሂዱ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። የአእምሮ መድኃኒት ከዚያ በምን ይለያል? የሚያናድደኝ ክኒኑን ቤት ጥላችሁ መሄዳችሁ ነው። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፣ አንዳንዴም ብሶበት። እናንተ ደግሞ "መድኃኒቱ አልያዘለትም" ብላችሁ ታርፋላችሁ። ሰው ጓዳ ውስጥ ያሰራችሁም አላችሁ፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ፍቱትና ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ጤና ኤክስቴንሽኗ በራችሁን ስታንኳኳም ሙሉውን ንገሯት። አባወራው መሀል ገብቶ ለሚስቱ አይመልስላት። እናት ለልጇ አትመልስ። "አንተ እስቲ ውጣልን" ማለት ነውር አይደለም። ባል እያዳመጣት "አዎ፣ ሞቴን እመኛለሁ" የምትል ሴት የለችም።

የእድር ዳኞች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ሰው ሲሞት ድንኳን ስትተክሉ ቅልጥፍናችሁ ያስቀናል። ከቀብር የቀረውን ትቀጣላችሁ። በሽተኛ መጠየቅም ወጋችሁ ነው። ታዲያ በወባ የተኛውን ስትጠይቁ በድባቴ በር ዘግቶ የተኛውን ለምን ትዘሉታላችሁ? ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ድረስ ሕመምተኛ ይዞ መምጣት፣ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መመለሻው ምን ያህል ኪስ እንደሚያራግፍ አታጡትም። ያን ማውጣት አቅቷቸው ልጃቸውን ይዘው ቤት የተቀመጡ አባላት አሏችሁ። ከሣጥኑ ለእነሱ መሳፈሪያ አውጡ። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይሁን፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝበት። የሕመምተኛው ስም ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አይጻፍ።