ከቅጣቱ በፊት ቀስቱ ይስተካከል

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ በመሃል አዲስ አበባ ሹፌሮች በየመስቀለኛ መንገዱ መስመር ስለማያከብሩ ቅጣቱ ይጠንክር ይላል። እሺ፣ ይጠንክር። ግን አስፋልቱ ላይ የተቀባው መስመርና ቀስት ራሱ ለሹፌሩ በሰዓቱ ይናገራል ወይ?

ለገሃር አካባቢ ሁሌ የማልፍበት አንድ መብራት አለ። ወደ ግራ የሚያጥፈው ቀስት የተቀባው መቆሚያው መስመር ጋ ተጠግቶ ነው፤ ሁለት ሚኒባስና አንድ አውቶቡስ ከላዩ ከቆሙበት ማን ያየዋል? ስታየው ደግሞ ያልተቆራረጠው ነጭ መስመር ውስጥ ገብተሃል። ወይ መስመሩን ጥሰህ ትቀጣለህ፣ ወይ ወደማትፈልገው ትሄዳለህ። የመጀመሪያው ቀስት መስመሩ ገና የተቆራረጠ እያለ፣ ሰው ረድፍ መቀየር በሚችልበት ቦታ መቀባት አለበት። ከዚያ ይደገም። ይሄ የቀለም ሳይሆን የማሰብ ጉዳይ ነው።

መቆሚያው መስመርም ዜብራው ላይ አይለጠፍም። የአሜሪካ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይራቅ ይላል። ከፍ ያለ የጭነት መኪና ሹፌር አፍንጫው ስር የምታልፍ ልጅ አትታየውማ!

ሌላው ደግሞ አሮጌ መስመርን በጥቁር ቀለም መሸፈን። ቀን ያስኬዳል፤ ማታ ዝናብ ሲጥል ግን ጥቁሩም በመኪና መብራት ያበራና የትኛው መስመር እንደሚሠራ ይጠፋብሃል። ተፍቆ ይነሳ። አዲሱ ላይ ደግሞ ብርሃን የሚመልሱትን ጥቃቅን የብርጭቆ እንክብሎች ሳይረሱ ይበትኑበት፤ ክረምት እየመጣ ነው።